ሲኒማ ራስ ወራጅ አለ፦ ሲኒማ ቤቶቻችን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ወደ መርካቶ በታክሲ ስወርድ ወያላው ሲኒማ ራስ ሲኒማ ራስ እያለ ይጣራል፣ አጠገቤ ደግሞ በቅርብ ከክፍለ ሀገር የመጣ የሚመስል ልጅ ተቀምጧል፣ ቦታው ስንደርስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲኒማው የቱ ጋ ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ሰው መልስ አጠረኝ። ቤቱ ሲኒማ መሆኑ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ራስ ቴአትር ሆነ፣ አሮጌው ቤት ፈርሶ ሌላ ተሠራ፣ ስሙ ግን የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። ይሄን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ልነግረው ስላልቻልኩ ዝም አልኩ፣ ልጁም ወርዶ ሄደ።

ማታ ቤት ገብቼ ነገሩ አልለቅ አለኝ። እስቲ የማውቀውን ላስቀምጥና የጎደለውን እናንተ ሙሉበት። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ሲኒማ ቤቶች ሠራ፣ ከነጻነት በኋላ በነጋዴ እጅ ነበሩ፣ በ1967 ደርግ ወረሰ፣ በመንግሥት የሲኒማ ቤቶች አስተዳደር ስር ገቡ፣ ኢሕአዴግ ሲመጣ ደግሞ ለከተማው አስተዳደር ተላለፉ። አራት እጅ ማለት ነው። የኔ አቋም ደግሞ ግልጽ ነው፦ ቤቶቹን የገደላቸው ውርሱ ነው። ነጋዴው ወንበሩን የሚያድሰው፣ አዲስ ፊልም ፍለጋ የሚሯሯጠው እንጀራው ስለሆነ ነበር፣ መንግሥት እጅ ሲገቡ ባለቤት አልባ ሆኑ። ተሳስቼ ከሆነ አስረዱኝ። ማን ሲያስተዳድራቸው ምን ይመስሉ እንደነበር የምታስታውሱ ሁሉ ጻፉ።

(ክሩ፣ ማለት ውይይቱ፣ በሦስት ቀን ውስጥ በጣም ስለረዘመ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ መልሶቹን በየቁጥራቸው እያሳጠርኩ እዚሁ ጽፌያለሁ። የሰው ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ በራሴ አነጋገር ነው፣ ያዛባሁት ካለ ንገሩኝ አስተካክላለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው፣ ርዕሱን ስላነሳሁት አመስግኖኝ በሐሳቤ ተስማማ። ልጅ ሆኖ አባቱ እጁን ይዘው አምባሳደር ሲኒማ ይወስዱት እንደነበር፣ ከፊልሙ በላይ ትዝ የሚለው መብራቱ ሲጠፋ አዳራሹ ውስጥ የሚወርደው ፀጥታ እንደሆነ ጻፈ። እኔም ይሄ ስሜት አለኝ፣ ያ ፀጥታ ዛሬ የለም፣ ስልክ አለ።

መልስ 2

ይሄኛው ከጣሊያን መጀመሬ አልተዋጠለትም። ፊልም ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፣ መጀመሪያ የታየውም ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፣ ከዛ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ የሰየመው ሲኒማ ቤት ነበረ ይላል። ጨርቅ ላይ ሰው ሲሮጥ ሲታይ ከሰይጣን ሥራ በቀር ምን ይባላል፣ ስሙ ከዚህ የመጣ ነው። ጣሊያን ሲገባ አዲስ አበባ ፊልም ታውቅ ነበር፣ ስለዚህ አራት እጅ ሳይሆን አምስት ነው አለኝ። ልክ ነው፣ መነሻዬ ላይ የሰይጣን ቤትን መዝለሌ ትልቅ ስህተት ነው። በነገራችን ላይ የሰይጣን ቤት የሚለውን አያቴም ስታወራ ሰምቻለሁ፣ ግን እሷ የቤቱን ስም እየተሳቀቀች ነበር የምትጠራው።

መልስ 3

እዚህ ጋ ክሩ ተለወጠ። የጻፉት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አራት ኪሎ ተማሪ እንደነበሩ ይናገራሉ፣ እና በትህትና ግን በማያሻማ ቋንቋ ውርሱ ገደለ ያልኩትን አፈረሱት።

እሳቸው እንደሚሉት በንጉሡ ጊዜ ሲኒማ ቤት እንደ ሰው ደረጃ ነበረው። ፒያሳ ያሉት ቤቶች ሲገቡባቸው ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይጠረጋል፣ ኪስ ቀለል ያለበት ወደ መርካቶ ይወርዳል፣ እዛ የህንድ ፊልም አለ፣ ሕዝቡ ከአክተሩ ጋር አብሮ ያለቅሳል አብሮ ይዘፍናል። ደርግ ሲመጣ ግን አዳራሾቹ አልተራቆቱም እንዲያውም ጢም አሉ። ለምን ሲባል ወጣቱ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውማ። ቴሌቪዥን በ1957 ቢጀመርም ያለው አንድ ጣቢያ ነው፣ ስዕሉም እስከ አብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ድረስ ጥቁርና ነጭ ነበር፣ በቀለም ፊልም ማየት የፈለገ ሰው ሲኒማ ቤት መሰለፍ ነበረበት። የተጎዳው የማታው ዙር ነው፣ ሰዓት እላፊ ስለነበር ፊልሙ ገና ሳያልቅ ሰው ሰዓቱን ያያል፣ መጨረሻውን ሳያዩ እየሮጡ የወጡበት ቀን ብዙ ነው። አንዳንዱን ፊልም ሌላው ጓደኛ በቀን ገብቶ አይቶ መጨረሻውን ይነግራቸው ነበር።

ከዛ ያሉት ነገር ውስጤ ቀረ። ደርግ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ቴአትር ስም ብሔራዊ ብሎ ለወጠው፣ መሳፍንቱን ሻረ፣ መሬቱን ወረሰ፣ ግን ኢምፓየርም ኢምፓየር፣ ራስም ራስ፣ አምባሳደርም አምባሳደር እንደተባሉ ቀሩ። ዘውዱ የወደቀበት አገር ውስጥ ሰው እየተሰለፈ ኢምፓየር ይገባ ነበር። እኔ ይሄን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

መልስ 4

ይሄ ሰው ለምን ጣሊያንን አናመሰግንም ብሎ ገባ። ሕንፃዎቹን እዩአቸው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ቆመዋል፣ እኛ የሠራነው በአሥር ዓመት ይሰነጠቃል፣ ሲኒማ ያስተማረን ጣሊያን ነው አለ። ጉዳዩን ከዚህ በላይ አላብራራም፣ ሁለት መስመር ነው የጻፈው፣ ግን ቤቱን አቃጠለው።

መልስ 5

መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ፣ ቃሉም ከባድ ነበር፣ ስድቡን ዘልዬዋለሁ። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ ጣሊያን የሠራው ለራሱ ነው። የፋሺስት አስተዳደር ነጭና ጥቁርን በሰፈር፣ በመጓጓዣ፣ በመዝናኛ ቦታ ሁሉ እንዲለያይ አዋጅ ያወጣ አስተዳደር ነው፣ መርካቶን ራሱ የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ከፒያሳ አርቆ ለማስፈር ነው ያቋቋመው። አሁን ታሪካዊ ቅርስ እያልን የምናደንቀው አዳራሽ ሲሠራ የአያቶቻችን ድርሻ ድንጋይ መሸከም ነበር ይላል። አስመራ ያለው የታወቀው ሲኒማ ኢምፔሮ የተከፈተው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስሙም የሙሶሊኒ ኢምፓየር ማለት ነው፣ በዛው ዓመት የካቲት ወር ላይ እኛ አዲስ አበባ ምን ሆነን ነበር ብሎ ጠየቀ። የካቲት 12ን ማለቱ ነው። አራተኛው መላሽ ከዛ በኋላ አልተመለሰም።

እኔ ከአምስተኛው ጋር ነኝ፣ አነጋገሩ ቢለዝብ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ። ግንቡን የሠራው ሌላ ነው፣ ሲኒማ ቤት ያደረጉት ግን ከ1933 በኋላ በበሩ በነጻ የገቡት ሰዎች ናቸው።

መልስ 6፣ 7 እና 8

ስድስተኛው ነገሩን ሊያበርድ ብሎ ጥሩ ምሳሌ አመጣ። ብሔራዊ ቴአትርን ጣሊያን ሲጀምረው ሲኒማ ማርኮኒ ሊለው ነበር፣ ሳይጨርሰው ተባረረ፣ ሕንፃው እንደተንጠለጠለ ቆይቶ ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ በኢትዮጵያ መንግሥት ተጠናቆ ቴአትር ቤት ሆኖ በ1948 ተመረቀ። ስለዚህ ጀማሪውና ፈጻሚው የተለያየ ቤት አለን ነው የሚለው።

ሰባተኛው ተነስቶ 1948 ውሸት ነው፣ እሱ ያነበበው 1955 ነው፣ ሳታጣሩ አትጻፉ አለ፣ ትንሽም ቆጣ ብሏል። ስምንተኛው ደግሞ ሁለቱም አንድ ነው፣ አንዱ በኛ አንዱ በፈረንጅ ነው ብሎ አስታረቃቸው፣ ንጉሡ የነገሡት ጥቅምት 1923 ስለሆነ 25 ጨምሩበት አላቸው። ሰባተኛው ይቅርታ ጠየቀ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ደስ ይላል።

መልስ 9

ይሄን መልስ ማሳጠር ከብዶኛል። የጻፈችው የአንድ የሲኒማ ኦፕሬተር ልጅ ናት፣ ማለት ፊልሙን ከላይ ካለችው ጠባብ ክፍል ሆኖ የሚያጫውተው ሰው ልጅ። የትኛው ቤት እንደሆነ አልጠቀሰችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

አባቷ ሥራውን የተማሩት ከውርሱ በፊት ነው፣ ባለቤቱ የውጭ ዜጋ ነበር፣ ባለቤቱ ሄደ እሳቸው ቀሩ፣ ደርግ መጣ እሳቸው ቀሩ፣ ደርግ ሄደ አሁንም እዛችው ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለ ማን እጅ ስናወራ የምንረሳው ይሄን ነው ትላለች፣ ባለቤት ተቀያየረ እንጂ ማሽኑን የሚነካው እጅ አንድ ነበር። በሩ ላይ ትኬት የምትቀድደው ሴትዮም እንደዛው ናት፣ ሦስት አለቃ አሳልፋለች።

ሥራው እንዴት እንደሆነ ደግሞ ዘርዝራ ጻፈች። አንድ ፊልም አምስት ስድስት ጥቅል ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆማል፣ አንዱ ሊያልቅ ሲል ስዕሉ ላይ በስተቀኝ ከላይ ጥግ ትንሽዬ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፣ ያኔ ሁለተኛው ማሽን ይነሳል፣ ክቧ ድጋሚ ብልጭ ስትል ይቀየራል፣ ተመልካቹ ምንም ካልታወቀው ኦፕሬተሩ ጎበዝ ነው። መብራቱ አምፖል አይደለም፣ ሁለት የካርቦን ዘንግ ጫፍ ለጫፍ ተጠጋግተው ሲነድዱ የሚወጣው ብርሃን ነው፣ ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ ሁልጊዜ እያዩ ማቀራረብ ያስፈልጋል፣ ለአንድ አፍታ ከረሷቸው ስዕሉ ይጨልማል። ክፍሏ ምጣድ ላይ እንደመቀመጥ ነው፣ አባቷ በካናቴራ ነበር የሚሠሩት፣ ቤት ሲመጡ ልብሳቸው የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ያን ሽታ እስከዛሬ የአባቴ ሽታ ነው የምትለው።

በደርግ ጊዜ ችግሩ የውጭ ምንዛሪ ነበር። አዲስ ፊልም እንደልብ አይገባም፣ ያው የሶቭየቱ ይመጣል፣ ሕዝቡ የሚወደው የህንድና የካራቴው ግን አንዱ ኮፒ እየዞረ ተደጋግሞ ይታያል፣ ፊልሙ ያረጃል፣ ይበጠሳል። የካርቦን ዘንግም ሲጠፋ እንደ ሻማ ጉማጅ እስከ መጨረሻዋ ይነድዳል። እና ፊልሙ ሲበጠስ ወይ መብራቱ ሲደክም አዳራሹ በሙሉ ያፏጫል፣ ሌባ ሌባ እያለ ወደ ላይ ይጮሃል። አባቷ ብዙ ቀን ቤት ገብተው እራት ሳይበሉ ይተኛሉ። ምን የሰረቅኩት ነገር አለ ብለው አንድ ቀን እናቷን ሲጠይቁ ሰምታለች። ልጅ ስለነበረች ነገሩ አልገባትም ነበር።

እዚህ ላይ መነሻ ጽሑፌን ባለበት ትቼ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ባለቤት አልባ ሆኑ ያልኩትን አንስቻለሁ። ባለቤት ነበራቸው፣ ደሞዝተኛ ነበር እንጂ።

መልስ 10 እስከ 13

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ፒያሳ ኬክ ዞረ። አሥረኛው ከፊልም በፊት ኤንሪኮ ጎራ ብሎ ሚልፎኒ መብላት የግድ ነበር አለ፣ ሚልፎኒው ቶሎ ስለሚያልቅ ፊልሙን ያስረፈደው ሁሉ አለ። አሥራ አንደኛው ሚልፎኒ የቦሌ ልጅ ነገር ነው፣ እኛ ቆሎና ኦቾሎኒ ነበር በኪሳችን ይዘን የምንገባ አለው። አሥራ ሁለተኛው ኤንሪኮ ፒያሳ እንጂ ቦሌ አልነበረም ብሎ አረመው። አሥራ ሦስተኛዋ ደግሞ ወንድሞቿ የህንድ ዘፈን ቃሉን ሳያውቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘፍኑት እንደነበርና አንዱ ወንድሟ ዛሬ ሪያድ ከህንዶች ጋር ሲሠራ ያ ዘፈን ጓደኛ እንዳተረፈለት ጻፈች። ከርዕሱ ወጥተን ነበር ግን አልቆጣሁም።

መልስ 14

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፣ ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ነው እንዴ ብሎ ጀመረ። እውነቱን ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ ሳይደርስ ድሬ ደርሷል፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፣ ከጅቡቲ በኩል የሚመጣ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ድሬን ነው፣ ፊልምም ዕቃ ነው ይላል። ማጀስቲክ ሲኒማን ጠቀሰ፣ በሐሩር ቀን የማታውን ዙር ቀዝቀዝ ሲል መግባት ምን ማለት እንደሆነ ደጋ ያደገ ሰው አይገባውም አለ። ድሬ ውስጥ ቋንቋው አምስት ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዓረብኛ፣ ሀረሪ ይሰማል፣ ፊልሙ ሂንዲ ነው፣ ሁሉም ግን እኩል ይገባዋል።

መልስ 15 እና 16

አሥራ አምስተኛው ከጎንደር ነው፣ ፒያሳው ላይ ያለውን ጣሊያን የሠራውን ሲኒማ ቤት አነሳ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ ሲሾልክ በር ላይ የያዙት ዘበኛ ለአባቱ ሳይሆን ለአስተማሪው እንደነገሩበት ጻፈ፣ እሱ ደግሞ ከአባት ይብሳል።

አሥራ ስድስተኛዋ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት። አምስተኛው ስለ ኢምፔሮ ያለው እውነት ነው፣ ግን ቤቱ ዛሬም ቆሟል፣ አስመራ በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከሚታወቁላት ሕንፃዎች አንዱ እሱ ነው አለች። አባቷ በልጅነታቸው ደረጃው ላይ ቆመው ፖስተሩን ብቻ አይተው ይመለሱ እንደነበር፣ እሷ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ገብታ ቡና እንደጠጣችበት ጻፈች። ቤት በሠራው ሰው ኃጢአት አይፈርስም፣ የሚረግጠው ሰው ይቀይረዋል ነው ሐሳቧ። አምስተኛው በዚህ ላይ አልተከራከራትም፣ እንደውም አመሰገናት።

መልስ 17

ይሄ ሰው ደፋር ነው። በ1980ዎቹ ሰፈር ውስጥ ቪዲዮ ቤት እንደነበረው ተናዘዘ። አንድ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በቃ ይሄ ነው። ሲኒማ ቤት በሳምንት አንዴ የሚቀየረውን ፊልም እሱ በቀን ሦስቴ ይቀይራል፣ ሲኒማ ቤት የማይገባውን ሊስትሮ እሱ ያስገባል፣ እንግሊዝኛው ለማይገባው ደግሞ ከጎን ቁጭ ብሎ የሚተረጉም ልጅ አለው። እና ሲኒማ ቤቶቹን ደርግም ኢሕአዴግም አልገደላቸውም፣ ከገደልናቸው የገደልናቸው እኛ ነን አለ። አንድ ነገር ግን ጨመረ፣ እሱ ቤት የገባ ልጅ ሲያድግ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው ሆኗል፣ ፊልም መውደድን ያስተማርነው እኛ ነን።

መልስ 18 እና 19

አሥራ ስምንተኛው ግን ጨከነ። ሲኒማ ቤቶቹን ያዋረዳቸው የአማርኛ ፊልም ነው፣ የሠርግ ካሜራ ይዞ የወጣ ሁሉ ዳይሬክተር ሆነ፣ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ዓይነት የፍቅር ኮሜዲ ሲታይ ቁም ነገረኛ ተመልካች ቤቱ ቀረ አለ።

አሥራ ዘጠነኛዋ በፊልም ሥራ ላይ የቆየች ሰው ናት፣ ንዴቷ ከጽሑፏ ይሰማል። መጀመሪያ ነገር የአማርኛ ፊልም ትናንት የመጣ አይደለም፣ ሂሩት አባቷ ማነው በ1957 በ35 ሚሊሜትር ተሠርቷል። ችግሩ ፊልም በ35 መቅረጽና ማጠብ ውድ ነው፣ ላቦራቶሪ አገር ውስጥ የለም፣ ደርግ የፊልም ኮርፖሬሽን በ1978 ቢያቋቁምም ኢሕአዴግ ዘጋው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰው በቪዲዮ ቀርጾ በዲጂታል ፕሮጀክተር ማሳየት ሲጀምር ነው በባዶ ወንበር ዘበኛ ብቻ ቀርቶባቸው የነበሩት አዳራሾች እንደገና የተነሱት። አምባሳደር በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገድ ድረስ ሲደርስ፣ ትኬት አየር በአየር ሲሸጥ አላየህም ወይ ብላ ጠየቀችው። ብሔራዊም ሀገር ፍቅርም ቴአትር በሌለበት ቀን ፊልም ያሳዩ የነበሩት የሚመጣ ሰው ስላለ ነው። ደካማ ፊልም ነበር፣ አዎ ብዙ ነበር፣ ግን ወንበሩን ያሞቀው ያ ፊልም ነው ትላለች።

እኔ በዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ፣ ያን ጊዜ የነበረው ሰልፍ ውስጥ ቆሜያለሁ። እናቴን ይዤ የገባሁበት ፊልም የአማርኛ ነው፣ እናቴ የፈረንጅ ፊልም ገብታ አታውቅም።

መልስ 20

ስለ ግል ሲኒማ ቤቶች ማንም አላነሳም ብሎ ገባ። ቦሌ ላይ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባሠራው ሕንፃ ውስጥ ዓለም ሲኒማ ተከፈተ፣ ኋላ ሴባስቶፖል መጣ፣ ከዛ ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ሲኒማ፣ የሆሊውድ ፊልም በአዲስነቱ መታየት ጀመረ፣ ፋንዲሻ በወረቀት ባልዲ መጣ። ጥሩ ነው፣ ግን ሲኒማ ቤት ከመንገድ ዳር ተነስቶ ሕንፃ ውስጥ ገባ፣ በሊፍት የሚወጣ ነገር ሆነ፣ የሰፈር ልጅ ፖስተሩን እያየ የሚያልፍበት በር ጠፋ ይላል። ከዛ ደግሞ በ2008 ቃና ቴሌቪዥን መጥቶ የተተረጎመ ድራማ ሲያሳይ ማታ ማታ ሰው ቤቱ ቀረ፣ ዩቲዩብ ተጨመረበት፣ መጋቢት 2012 በኮሮና አዳራሾቹ ሲዘጉ ያልተመለሰው ተመልካች ብዙ ነው።

መልስ 21 እና 22

ሃያ አንደኛው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወንድማችን ነው። እዛ ከተማው መሃል በ1938 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲልቨር የሚባል ሲኒማ ቤት አለ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ሊፈርስ ደርሶ ነበር፣ ካውንቲው ገዛው፣ አሳድሶ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲከፍተው ግን ራሱ አላስተዳደረውም፣ ለአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ሰጠው። ሕንፃው የመንግሥት፣ ሥራው የባለሙያ። በየዓመቱ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ያሳያል፣ እሱም እዛ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ አማርኛ ሲሰማ እንዳለቀሰ ጻፈ። የኛዎቹስ ለምን እንዲህ አይሆኑም አለ።

ሃያ ሁለተኛው እዛ ሆኖ ምክር መስጠት ቀላል ነው፣ እዚህ ለዳቦ ተሰልፈናል ብሎ መለሰለት። ሃያ አንደኛው ምክር ሳይሆን ናፍቆት ነው አለው፣ ሌላ አልጨመረም። ሃያ ሁለተኛው ወንድሜ፣ ኑሮው እንደከበደ ሁላችንም እናውቃለን፣ የሰው ናፍቆት ላይ ግን እንዲህ ባትቆጣ መልካም ነበር። ደግሞ ያነሳው ነገር እዚህ ክር ላይ ከተባለው ሁሉ ሥራ ላይ ሊውል የሚችለው ብቸኛው ሐሳብ ነው ባይ ነኝ። ከተማው ሕንፃውን ይያዝ፣ ፕሮግራሙን ግን ፊልም የሚያውቅ ሰው ይምራው። ኪራይ ለማስገባት ብቻ የሚከፈት አዳራሽ ነገ መጋዘን ይሆናል።

መልስ 23

ዶሮ ማነቂያ ያደገች ልጅ ናት። በ2016 ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ የነሱም ቤት አብሮ ሄዷል፣ አሁን የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሩቅ ነው። ሁላችሁም ስለ አዳራሹ ታወራላችሁ፣ በእግሩ የሚመጣው ተመልካች ግን ተነስቷል አለች። ሲኒማ ኢትዮጵያ ፊልሙ ሲያልቅ በአሥር ደቂቃ ቤታቸው ይገቡ ነበር፣ ማታም ቢሆን አይፈሩም ምክንያቱም ከአዳራሹ የሚወጣው ሰው ሁሉ ጎረቤት ነው። አሁን ከፊልም በኋላ ሁለት ታክሲ ነው፣ ታክሲ ከተገኘ። እዚህ ላይ ማንም መልስ አልሰጣትም፣ እኔም ምን እንደምል አላወቅኩም፣ ልብ ብቻ አድርጌ አለፍኩ።

መልስ 24

ሦስተኛው መላሽ፣ ትልቁ ሰው፣ ተመለሱ። ሁሉንም አንብበዋል። ለሃያ ሦስተኛዋ አይዞሽ ልጄ አሏት፣ ለአሥራ ሰባተኛው ደግሞ የቪዲዮ ቤቱን ነገር እንደማይቀየሙት ነገሩት። ከዛ ወደ ዘጠነኛዋ ዞሩ። የአባቷን ታሪክ ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት፣ እሳቸውም ፊልም ሲበጠስ ወደ ላይ አንጋጠው ሌባ ሌባ እያሉ ከሚጮኹት ውስጥ እንደነበሩ፣ ያኔ ላይ ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ሰው እንዳለ እንኳን አስበው እንደማያውቁ ጻፉ። አባትሽ በሕይወት ካሉ ይቅርታ ጠይቂልኝ አሏት።

መልስ 25

ዘጠነኛዋ ማታ ላይ መለሰች። አባቷ በሕይወት አሉ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ስለዚህ ክሩን ከላይ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፣ የካርቦኑ ነገር ላይ ሁለት ቦታ አረሟት። ትልቁ ሰው ይቅርታ የጠየቁበት ጋ ስትደርስ ዝም ብለው ቆዩና የትኛው ፊልም ላይ እንደነበር ጠይቂልኝ፣ ተበጥሶ ነው ወይስ መብራት ጠፍቶ አሏት።

ትልቁ ሰው እስካሁን አልመለሱም። ሲመልሱ እዚህ እጨምረዋለሁ።